ጳጉሜን በማን ሒሳብ ነው?

ነገሩ የጀመረው የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ነው። ነሐሴ እያለቀ ነበር። አጀንዳው የተለመደው ነው፤ የውሃ ፓምፕ፣ የደረጃ መብራት፣ መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች። ስብሰባው ሊበተን ሲል ዘበኛችን ከበሩ አጠገብ እጃቸውን አወጡ። ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። «አንዲት ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ጳጉሜን የምጠብቀው በማን ሒሳብ ነው?»

ሰው ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ ማንም ያልጠበቀው ጥያቄ ስለሆነ ነው። ገንዘብ ያዡ ግን ኮስተር ብሎ መለሰ። «አባባ፣ ደሞዝዎ የወር ነው። ጳጉሜን ደግሞ ወር አይደለም፤ ነሐሴ ውስጥ የሚታሰብ ነው።» እሳቸውም አልተቆጡም። «እሺ ልጄ፣ ወር ካልሆነማ ልተኛ?» አሉ። ይሄኔ ሳቁ ባሰ። በመጨረሻ ለበዓል ተብሎ የሆነች ነገር እንድትሰጣቸው ተወሰነና ተበተንን። ብር አገኙ፤ መልስ ግን አላገኙም።

እኔም ደረጃውን ስወጣ ማሰላሰል ጀመርኩ። ተቀጣሪ ነኝ። ጳጉሜን ቢሮ እገባለሁ፣ ደሞዜ ግን በዓመት 12 ጊዜ ነው። ለአምስት ቀን በነጻ እየሠራሁ ነው ማለት ነው? በሌላ በኩል ተከራይም ነኝ። ለጳጉሜን ኪራይ ከፍዬ አላውቅም፤ አከራዬም ጠይቃኝ አታውቅም። ስለዚህ በቢሮ የከሰርኩትን በቤት አገኘዋለሁ። ዘበኛችን ግን የሚኖሩት ግቢው ውስጥ ባለችው ክፍል ነው። ኪራይ አይከፍሉም። የሚያካክስላቸው ነገር የለም።

«ደሞዝ እኮ የዓመት ነው፤ ለ12 ተካፍሎ ነው የሚሰጠው» የሚል ይኖራል። ይሁን። ጥር ላይ ተቀጥሮ ሰኔ ላይ የለቀቀ ሰውስ? ጳጉሜንን ሳያያት ነው የሄደው፤ የእሷን ድርሻ ግን ወስዷል። ጳጉሜን 1 ተቀጥሮ መስከረም 1 የተባረረስ? እነዚህ አምስት ቀናት ባለቤት የላቸውም። ወይም ባለቤታቸው ጉልበት ያለው ነው። ይሄ ሐሳብ ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። የጥንት ሰዎች ዓመትን እንዴት እንደቆጠሩ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። የኮከብ ፍቅር ይዞኝ አይደለም። ትርፉ ቀን በማን ደብተር ላይ ተመዝግቦ እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሰማይ ድፍን ቁጥር አያውቅም

ችግሩ ከላይ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ዙሯን የምትጨርሰው በ365 ቀንና በሩብ ቀን ገደማ ነው። ጨረቃ ደግሞ ከልደት እስከ ልደት 29 ቀን ተኩል አካባቢ ትፈጃለች። 12 ጨረቃ ብትደምር 354 ቀን ይሆናል። ከፀሐይ ጋር ስታስተያየው 11 ቀን ይጎድላል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው «ጥንተ አበቅቴ 11» ሲል ይህንኑ ጉድለት ነው የሚጠራው።

ስለዚህ በዓለም ላይ ዓመት የቆጠረ ሕዝብ ሁሉ እጁ ላይ ፍርፋሪ ቀርቷል። በጨረቃ የቆጠረ 11 ቀን ይጎድለዋል። በ30 በ30 ወራት የቆጠረ አምስት ቀን ይተርፈዋል። በ365 የቆጠረ ሩብ ቀን ያፈስሳል። ማንም አላመለጠም። ልዩነቱ ፍርፋሪውን ምን አደረጉት የሚለው ላይ ነው።

በዛሬዋ ኢራቅ ደቡብ የነበሩትን ሱመሮችን እንይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ሺህ ዓመት የነበሩ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች እውነተኛዋ ጨረቃ 29 ቀንም ሆነች 30፣ የሠራተኛን ቀለብና የሥራ ቀን ሲያሰሉ ወሩን ሁሉ 30፣ ዓመቱንም 360 አድርገው ይይዙት ነበር። ለሒሳብ ይመቻል፤ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት ይካፈላል። ዛሬም አንዳንድ የብድርና የቦንድ ወለድ የሚሰላው ዓመትን 360 ቀን አድርጎ ነው። ደብተር የያዘ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሰማይን አይወዳትም ማለት ነው።

ከዓመት ውጭ የተወለዱ

የእኛ የ12 ሠላሳ እና የአምስት ቀን አቆጣጠር ምንጩ ግብፅ ነው። ግብፆች ዓመታቸውን በሦስት ወቅት ከፈሉት፤ ዓባይ የሚሞላበት፣ እህል የሚበቅልበት፣ አዝመራ የሚሰበሰብበት። እያንዳንዱ አራት ወር፣ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን። ከዚያ በስተመጨረሻ አምስት ቀን። የአዲሱ ዓመት ምልክት ሲርየስ የተባለችው ደማቅ ኮከብ ናት። ወደ 70 ቀን ያህል ከዓይን ተሰውራ ትቆይና በክረምት አንድ ማለዳ ከፀሐይ መውጣት ትንሽ ቀደም ብላ ብቅ ትላለች። ዓባይም በዚያው ሰሞን መሙላት ይጀምራል።

ለአምስቱ ቀናት ተረት አላቸው። ለእኛ ያቆየልን ግሪካዊው ፕሉታርክ ነው። የሰማይ እመቤቷ ኑት ፀነሰች። የፀሐይ አምላክ ተቆጣና «በማንኛውም ወር፣ በማንኛውም ዓመት አትውለጂ» ብሎ ረገማት። እርግማኑን ማንሳት አይቻልም። ጥበበኛው ቶት ግን ከጨረቃ ጋር ተቀምጦ የገበጣ ዓይነት ጨዋታ ገጠማት። አሸነፋት፤ ከየቀኑ ብርሃኗ ጥቂት ጥቂት ቆረሰባት። ያንን ቢያጠራቅመው አምስት ቀን ሞላ። የማንም ወር ያልሆኑ አምስት ቀናት። ኑት ኦሲሪስን፣ ትልቁን ሆረስን፣ ሴት የተባለውን አምላክ፣ ኢሲስንና ኔፍቲስን በየቀኑ አንድ አንድ እያለች ተገላገለች።

ይህን ሳነብ ገንዘብ ያዣችን ትዝ አለኝ። «ጳጉሜን ወር አይደለም» ማለቱ እኮ የቶት ክርክር ነው። ልዩነቱ ቶት ክርክሩን የተጠቀመበት የተጨነቀችን እናት ለማዋለድ ነው፤ የእኛው ሰውዬ ላለመክፈል። የሕግ ቀዳዳ ሁልጊዜ አለ። ማን ያልፍበታል ነው ነገሩ።

አንድ ሦስት መቶ ስድሳኛ

ተረት ደሞዝ አይከፍልም። እኔ የፈለግሁት በእውነተኛ ውል ላይ የተጻፈ ነገር ነበር። አገኘሁትም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ነገሮች ሁሉ የማነበው በዚህ ዓይን ሆነ።

ቦታው መካከለኛው ግብፅ፣ አስዩት ነው። ጊዜው የቀዳማዊ ሰኑስረት ዘመን፣ ከዛሬ 3,900 ዓመት ገደማ በፊት። ጀፋይሃፒ የሚባል የአውራጃ ገዥ ነበር። መቃብሩን ተራራው ውስጥ ሲያስፈለፍል ግድግዳው ላይ አሥር ውሎች አስቀረጸ። ውሎቹ ከከተማው የቤተ መቅደስ ካህናትና አገልጋዮች ጋር የተደረጉ ናቸው። እሱ ከሞተ በኋላ ለሐውልቱ ዳቦ፣ ቢራና ሥጋ እንዲያቀርቡ፣ መብራት እንዲያበሩ ይስማማሉ፤ እሱ ደግሞ ይከፍላቸዋል።

የሚከፍላቸው በምንድን ነው? በእህል፣ በመሬት፣ ከሁሉም በላይ ግን በቀን። ሰውየው ከገዥነቱ ሌላ በአባቱ በኩል የቤተ መቅደሱ ካህን ነበር። ስለዚህ ከቤተ መቅደሱ ገቢ ላይ የተወሰኑ ቀናት ድርሻ አለው። እነዚያን ቀናት ነው የሚሰጣቸው። የገዥነት ሀብት ሳይሆን ከአባቱ ቤት የወረሰው የራሱ ንብረት መሆኑንም ደጋግሞ ያስረግጣል። የሚተካው ገዥ መጥቶ «ይሄ የመንግሥት ነው» ብሎ እንዳይነጥቃቸው ነው። ብልህ ሰው ነው።

ከዚያ ወደ ነጥቡ ይመጣል። የቤተ መቅደስ ቀን ማለት ምን ማለት ነው? ውሉ ራሱ ይተረጉመዋል፤ የዓመት 1/360 ነው ይላል። ወደ ቤተ መቅደሱ የሚገባውን ዳቦ፣ ቢራና ሥጋ በዚህ ልክ ይካፈሉታል።

360። ሰውየው የሚኖረው በ365 ቀን ዓመት ውስጥ ነው። አምስቱን ቀናት ያውቃቸዋል፤ እዚያው ግድግዳ ላይ በስም ይጠራቸዋል። ታዲያ ለምን 365 አላለም? መጀመሪያ ላይ «ይኸው፣ እሱም ጳጉሜንን በላት» ብዬ ነበር። እስክሪብቶ ይዤ ሳሰላው ግን ነገሩ ተገለበጠ። የዓመቱን ገቢ ሁሉ ለ360 ብታካፍለው የአንዱ ቀን ድርሻ ለ365 ከምታካፍለው ይበልጣል። የአምስቱ ቀናት ዳቦ አልጠፋም፤ በሌሎቹ ቀናት ላይ ተበትኖ ተጨምሯል። «የዓመት ደሞዝ ነው፣ ለ12 ተካፍሏል» የሚለው ክርክር ማለት ነው። ግን እዚህ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ አልተባለም። ሁለቱም ወገን እያዩት በድንጋይ ላይ ተጽፏል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከውሎቹ መካከል ስለ መብራት የሚያወሩ አሉ። በአምስቱ ቀናት መጨረሻ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ለሐውልቱ መብራት ይበራል። እኛ በዚያች ምሽት ችቦ እንደምናበራ ማለት ነው፤ ዝምድና አለው ብዬ አልከራከርም፣ ግን ደስ አለኝ። የመብራት ፈትሉን ለሚያቀርበው ሰው ለዚህ አገልግሎቱ የሚከፈለው በውል ለብቻው ተቀምጧል። ስለዚህ በአስዩት በጳጉሜን የሠራ ሰው «በማን ሒሳብ?» ብሎ ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት አያስፈልገውም ነበር። ግድግዳውን ማሳየት ይበቃዋል።

ይሄ ነው ሐሳቤን የቀየረው። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው የቁጥር መስሎኝ ነበር፤ 360 ነው ወይስ 365፣ 12 ነው ወይስ 13? የትኛው ትክክል ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ዋናው ትርፉ ቀን ከመምጣቱ በፊት ተነጋግረንበታል ወይ የሚለው ነው። ቀኑ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ንግግር ድርድር አይደለም፤ ልመና ነው። ዘበኛችን ያገኙትም የበዓል ስጦታ እንጂ ክፍያ አልነበረም።

ወር የጨመረ ንጉሥ

ከአስዩት ወደ ባቢሎን ስትሄድ ነገሩ በጣም ይለያል። ባቢሎናውያን በጨረቃ ነው የሚቆጥሩት። 11 ቀን እየጎደለ ሲሄድ ወሮቹ ከአዝመራው ጋር ይፋታሉ። ስለዚህ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ አሥራ ሦስተኛ ወር ይጨምራሉ። የሚጨምረው ማነው? ንጉሡ።

ሐሙራቢ፣ ያው ባለ ሕጉ ሐሙራቢ፣ ላርሳ ለነበረው ሹሙ ለሲን-ኢዲናም የጻፈው የሸክላ ደብዳቤ ዛሬም አለ። ዓመቱ ክፍተት አለበት ይላል፤ የሚመጣው ወር ሁለተኛ ኡሉሉ ተብሎ ይመዝገብ። ኡሉሉ ስድስተኛው ወር ነው። እንደገና ይደገማል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የሰማይ ጉዳይ ነው። ከዚያ ግን ይቀጥላል። ግብሩ ባቢሎን መድረስ ያለበት በሰባተኛው ወር በታሽሪቱ 25 ነበር። አሁን በታሽሪቱ ሳይሆን በሁለተኛው ኡሉሉ 25 ይግባ።

ወር ተጨመረ፤ የግብሩ ቀን ግን አንዲት ቀን ፈቀቅ አላለም። ግብር ከፋዩ «እሰይ፣ አንድ ወር አገኘሁ» ብሎ ሳይጨርስ ደብዳቤው ደረሰ። ንጉሡን አልኮንነውም፤ ባያዝዝ ኖሮ ግምጃ ቤቱ 30 ቀን ሊጠብቅ ነው። ግን ልብ በሉ፤ በአንዱ ደብዳቤ ወሩን የሚጨምረውም፣ የጨመረው ወር ለማን እንደሚሆን የሚወስነውም አንድ ሰው ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል እኛ አገር። እዚያ ግን ንጉሡ ሰማዩንም ያርሰው ነበር።

የሚገርመኝ በኋላ የመጣው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 አካባቢ ሲደርስ ባቢሎናውያን ቋሚ ሕግ አበጁ። በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ወር ይጨመራል፤ በጠቅላላ 235 ጨረቃ። ሒሳቡ ከፀሐይ ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገጥማል። አቴናዊው ሜቶንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ይህንኑ ቁጥር ይዞ ተነሣ። በእኛም ባሕረ ሐሳብ 19 ዓመት ንዑስ ቀመር ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ዓመትም 19 በ28 ተባዝቶ የሚመጣ ነው። ሰዎች ስለዚህ 19 ሲያወሩ የሥነ ፈለክ ድል ነው ይሉታል። እውነት ነው። እኔ ግን ሌላም አየሁበት። ደብዳቤ ቀረ። ወሩ መቼ እንደሚጨመር ማንም ቆጥሮ ያውቀዋል፤ ግብር ከፋዩም፣ አበዳሪውም፣ ተበዳሪውም። ከንጉሡ እጅ የወጣ ሥልጣን ነው።

ዓመትን የሸጡ ካህናት

ሮማውያን ግን ይህን መንገድ አልመረጡም። ዩልዮስ ቄሣር እስኪመጣ ድረስ ዓመታቸው 355 ቀን ነበር። ሲጎድል በየካቲታቸው አካባቢ ተጨማሪ ወር ይሰነቅሩ ነበር። መቼ እንደሚሰነቀር የሚወስኑት ሊቃነ ካህናቱ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፖለቲከኞች ናቸው። ሹመት የዓመት፣ የግብር ኮንትራትም በዓመት የሚቆረጥ በሆነበት አገር ዓመቱን የሚያስረዝምና የሚያሳጥር ሰው ምን ያህል ወዳጅ እንደሚያፈራ መገመት አይከብድም። የእነሱ ሰው ሥልጣን ላይ ሲሆን ዓመቱ ይረዝማል፤ ጠላታቸው ሲሆን ያጥራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን ለሮም ካህናት የተነገረ ይመስላል። እነሱ ጋ የመብያው ጊዜ ራሱ ይጨመር ነበር።

ከዚህ ሁሉ መካከል የምወደው የሮሙን ፖለቲከኛና አንደበተ ርቱዕ ሲሴሮን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ51 ኪልቅያን እንዲገዛ ተላከ። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለ አገር ነው። ሰውየው ሮምን መልቀቅ ሞቱ ነው። ዓመቱን ቆጥሮ መመለስ ነው የሚፈልገው። ከዚያ ሆኖ ለወዳጁ ለአቲከስ እየጻፈ ይለምነዋል፤ አደራህን፣ ወር እንዳይጨምሩ ተከላከልልኝ። እንደ እሱ ያለ ትልቅ ሰው መመለሻው ቀን መቼ እንደሆነ በእርግጠኝነት አያውቅም። ሰማዩ ግልጽ ሆኖ ሳለ የእሱ ዓመት ርዝመት ሮም ላይ በሚቀመጥ ኮሚቴ እጅ ነው።

በ50 ደግሞ ኩሪዮ የተባለ የሕዝብ እንደራሴ ወር ይጨመርልኝ ብሎ ጠየቀ፤ ከለከሉት። እሱም ይህንን ሰበብ አድርጎ ወደ ቄሣር ወገን ዞረ። የእርስ በርስ ጦርነቱ በተከታዩ ዓመት ፈነዳ። ጦርነቱ በወር ምክንያት መጣ አልልም። ግን በዚያ ውጥረት ውስጥ አንድ ተጨማሪ ወር ትልቅ ሰው የሚያኮርፍበት ነገር እንደነበር ያሳያል።

ቄሣር ሲያሸንፍ ቀን መቁጠሪያውን አስተካከለ። እስክንድርያዊው ሶሲጌኔስ አማከረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 46 የተባለውን ዓመት ወደ መስመር ለማምጣት 445 ቀን አደረገው፤ በሰው ልጅ ታሪክ ከታወቁት ረጅሙ ዓመት ሳይሆን አይቀርም። የዚያን ዓመት ደሞዝተኛ አስቡት! ከዚያ በኋላ 365 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን። ሲሴሮ ግን አሁንም አልተዋጠለትም። አንድ ሰው «ነገ እኮ የበገና ኮከብ ትወጣለች» ቢለው «አዎ፣ በአዋጅ» ብሎ መለሰ ይላል ፕሉታርክ።

አዋጁም በአንዴ አልተሳካም። ቄሣር ከተገደለ በኋላ ካህናቱ በየአራት ዓመቱ የተባለውን በየሦስት ዓመቱ አደረጉት። 36 ዓመት ሙሉ ሲጨምሩ ከረሙ። በዘጠኝ ፈንታ 12 ቀን ገባ። አውግስጦስ ያንን ለማቃናት ለዓመታት ምንም እንዳይጨመር አዘዘ።

ስድስተኛዋ ቀን

አሁን ወደ ግብፅ እንመለስ፤ ወደ እኛም የሚያመጣው መንገድ በዚያ ነው። የግብፅ ዓመት 365 ብቻ ስለሆነ በአራት ዓመት አንድ ቀን ይንሸራተታል። በ120 ዓመት አንድ ወር ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ ቦታው የሚመለሰው በ1,460 ዓመት ነው። ስለዚህ የወንዝ ሙላት ወር የሚባለው በአዝመራ የሚውልበት ትውልድ ነበር። ግብፆች ይህን ያውቁ ነበር። አልነኩትም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 የግሪክ ዘር የነበረው ንጉሥ ሳልሳዊ በጥሊሞስ በነገሠበት ዘመን የአገሩ ካህናት ከእስክንድርያ አጠገብ ካኖፖስ ላይ ተሰበሰቡ። የክረምት በዓል ወደ በጋ እንዳይሄድ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን ትጨመር አሉ። እኛ ጳጉሜን 6 የምንላት ማለት ነው። ውሳኔው በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ድንጋዩን ሌፕሲየስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1866 ታኒስ ላይ አገኘው።

ሒሳቡ ከቄሣር ወደ 190 ዓመት የሚቀድም ነው። ትክክል ነው። አልተሠራበትም። ሰነዶቹ በ365 ቀጠሉ። ለምን ይሆን እያልኩ ጽሑፉን ሳገላብጥ አንድ ነገር ላይ ዓይኔ አረፈ። ያቺ ስድስተኛ ቀን ባዶ ቀን አልነበረችም። የቸር አድራጊ አማልክት በዓል ተብላ ነው የተሰየመችው፤ ቸር አድራጊ አማልክት የተባሉት ደግሞ ንጉሡና ንግሥቲቱ ናቸው። ኦሲሪስና ኢሲስ ከተወለዱባቸው ቀናት አጠገብ የቤተ መንግሥት ልደት የሚመስል ቀን ተጨመረ። እኔ ገበሬ ብሆን ባልቀበልኩት። ሒሳቡን ጠልቼ ሳይሆን ቀኗ ቀድማ ባለቤት ስላገኘች።

ግብፅን የያዘው አውግስጦስ ጉዳዩን ጨረሰው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20ዎቹ አጋማሽ ስድስተኛዋ ቀን ገባች። የመጀመሪያው ወር የመጀመሪያ ቀን በዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 29 ላይ ተተከለች። የእኛ መስከረም 1 የምትውለው ያኔ በተተከለችበት ቦታ ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 የምትሆነው ሁለቱ አቆጣጠሮች በአሁኑ ጊዜ 13 ቀን ስለሚራራቁ ነው። በሉቃስ ዘመን ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ ወደ 12 ትሻገራለች።

ሕዝቡ ግን ወዲያው አልታዘዘም። በሮማውያን ዘመን ከተጻፉ የግብፅ ወረቀቶች መካከል ሁለት ቀን የተጻፈባቸው አሉ፤ አንዱ በአዲሱ፣ አንዱ «እንደ ጥንቶቹ»። በተለይ የኮከብ ቆጠራ ሰነዶች ላይ ይበዛል። እኛም ለፓስፖርት አንድ ቀን፣ ለቤት ሌላ ቀን የምንይዝ ሰዎች ነንና ይገባናል።

የሚንከራተተውን የወደዱት

ያ የሚንሸራተት ዓመት ግን ኋላ ቀር አልነበረም። ትልቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ክላውዲዮስ በጥሊሞስ እስክንድርያ ተቀምጦ ሲሠራ የአውግስጦስ ቀን መቁጠሪያ ደጁ ላይ ነበር። ሰንጠረዦቹን ግን በአሮጌው 365 ነው የሠራቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ747 ጀምሮ እየቆጠረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሁለት ግርዶሾች መካከል ስንት ቀን አለ ብትል ዓመቱን በ365 አባዝተህ ቀኑን ትደምራለህ፤ አበቃ። «ያኔ ሉቃስ ነበር? ካህኑ ረስቶ ይሆን? ንጉሡ ደብዳቤ ጽፎ ይሆን?» ማለት የለም። ኮፐርኒከስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው ሥራው የግብፅን ዓመት ይጠቀማል።

ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሒሳብ ታሪክ ሊቅ ይህን ዓመት በሰው ልጅ ታሪክ ብቸኛው ብልህ ቀን መቁጠሪያ ብሎታል። ሰውየው የእኛንም አያውቅም አይባልም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብና ሥነ ፈለክ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። አባባሉ ትንሽ ይበዛበታል። ከወቅቱ ጋር የማይሄድ ዓመት ለገበሬ ምን ያደርግለታል? ግን የሚለው ገባኝ። በዚያ ዓመት ላይ ማንም ሥልጣን የለውም። የሚጨምረው የለም፣ የሚቀንሰው የለም።

እንዲህ ዓይነቱ ዓመት ደግሞ ሞቶ አልቀረም። ከፋርስ የመጡት የህንድ ፓርሲዎች 12 ወር በ30 እና አምስት ቀን ይቆጥራሉ። አምስቱ ቀናት ከሙታን መታሰቢያ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሩብ ቀኗን አብዛኞቹ አይጨምሯትም፤ አዲስ ዓመታቸው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የእነሱ አቆጣጠር ኢራን ከቀሩት ወንድሞቻቸው በአንድ ወር እንደሚለይ ደረሱበት። ተጣሉ። ከፊሎቹ የኢራኑን ያዙ፣ ከፊሎቹ የራሳቸውን። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሌሎች ተነሥተው ስድስተኛዋ ቀን ትጨመር፣ አዲስ ዓመትም በማርች 21 ላይ ትተከል አሉ። ዛሬ ሙምባይ ውስጥ ያለ አንድ ፓርሲ አዲስ ዓመት መቼ ነው ብትሉት መጀመሪያ የየትኛው ወገን መሆኑን ነው የሚነግራችሁ፤ አንዱ በማርች፣ አንዱ በጁላይ፣ አንዱ በኦገስት።